የሒሳብ መዝገብ ግልባጭ በቪዲዮ ካሴት ላይ

ጠንቃቃ ነጋዴ ደረሰኝ በሚጽፍበት ጊዜ ከወረቀቱ ሥር ካርቦን ማስገባቱን አይዘነጋም። ዋናው ለገዢው ይሰጣል፤ ግልባጩ ከጥራዙ ጋር ይቀራል። ይህን ስለ ምን እንደሚያደርግ ቢጠየቅ፣ ሰው ይረሳል፣ አንዳንዱም ይክዳል፣ ወረቀትም ይጠፋል፤ ግልባጭ ግን ይመሰክራል ብሎ ይመልሳል። ይህ በአገራችን የንግድ ሥራ ውስጥ ሥር ሰድዶ የኖረ መልካም ልማድ ነው። ይሁን እንጂ መዝገቡ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር በተዛወረ ጊዜ ካርቦኑ አብሮት አልተዛወረም። የዱቤውን ዝርዝር፣ የመጋዘኑን ቈጠራና የግብሩን ሒሳብ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ አሳድሮ በሰላም የሚተኛ ነጋዴ ዛሬ በዱራሜም፣ በሆሳዕናም፣ በሌሎች ከተሞችም ጥቂት አይደለም።

በዚህ ሳምንት ትምህርታችን ስለ ኮምፒዩተር ግልባጭ እንነጋገራለን። ለምሳሌ የምንወስደውም ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት በውጭ አገር አንዳንድ ብልኆች የሠሩበትን አንድ ዘዴ ነው፤ ይኸውም የሠርግ ፊልም በሚነሣበት በትንሹ የቪዲዮ ካሴት ላይ የኮምፒዩተር መረጃ መገልበጥ ነው። ዘዴው ዛሬ ያለፈበት መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ስለ ሁለት ነገር ልንመረምረው ይገባል። አንደኛ፣ ጥሩ ግልባጭ ምን እንደ ሆነና ምን እንዳልሆነ ገልጦ የሚያሳይ መልካም ምሳሌ ነው። ሁለተኛ፣ ካሴቶቹ ራሳቸው እስከ ዛሬ በፎቶ ቤቶች መደርደሪያና በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው ይገኛሉ፤ የሚያነባቸው መኪና ግን ከዓመት ወደ ዓመት እየጠፋ ነው።

1. ትንሹ ካሴት በአካባቢያችን

ዱራሜ በአምባሪቾ ተራራ ግርጌ የተቈረቈረች የከምባታ ዞን ዋና ከተማ ናት። የአካባቢው ገበሬ እንሰትና ቡና ያለማል፤ ዝንጅብልም ከሐደሮ በኩል ለገበያ ሲቀርብ የኖረ ሸቀጥ ነው። ከዚህም በቀር ከከምባታና ከሐዲያ ብዙ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄዳቸው የታወቀ ነው። በዚህ ምክንያት የቪዲዮ ካሜራ በእኛ ዘንድ ከመዝናኛ ዕቃነት ይልቅ የቤተ ዘመድ መልእክተኛ ሆኖ አገልግሏል። በጆሃንስበርግ ሱቅ ከፍቶ የሚውል ልጅ የእኅቱን ሠርግ፣ የመሳላን በዓል ወይም የአባቱን ለቅሶ ሊመለከት የሚችለው ካሜራ የያዘ ሰው በቦታው ከተገኘ ብቻ ነበር።

ለዚህ አገልግሎት ከዋሉት የካሴት ዓይነቶች አንዱ ሚኒ ዲቪ ይባላል። ዲቪ የተባለው ሥርዓት በዓለም ገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ካሴቱ መጠኑ ከክብሪት ቀፎ ጥቂት ከፍ የሚል ሲሆን፣ በውስጡ የተጠቀለለው ክር ወርዱ 6.35 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ካሜራው ክሩን በሰኮንድ 18.8 ሚሊ ሜትር ያህል እየሳበ ይጽፍበታል። ስለዚህ የ60 ደቂቃ ካሴት ወደ 68 ሜትር የሚጠጋ ክር ይፈጃል ማለት ነው።

2. ሥዕሉ ቁጥር ነው

ከዲቪ በፊት የነበረው ትልቁ የቪኤችኤስ ካሴት ሥዕልና ድምፅ የሚጻፍበት በማዕበል መልክ ነበር። ዲቪ ግን ሥዕሉን ወደ ቁጥር ለውጦ፣ ቁጥሩን በመግነጢስ ነጥብ አድርጎ በክሩ ላይ ያሰፍረዋል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የትምህርታችንም መሠረት እርሱ ነው። ቁጥር የተቀበለ ክር ቁጥሩ የሙሽራይቱ መልክ ይሁን፣ የጋቢው ነጠብጣብ ይሁን፣ ወይም የቡና ነጋዴ የዱቤ ሒሳብ ይሁን ለይቶ አያውቅም። የሰጡትን ይቀበላል፤ ሲጠይቁትም የተቀበለውን ይመልሳል።

ይህን የተገነዘቡ መሐንዲሶች የፊልምና የድምፅ ካሴትን ለኮምፒዩተር ማዋል የጀመሩት ከዲቪ በፊት ነው። ኤግዛባይት የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1987 የሶኒን የ8 ሚሊ ሜትር ቪዲዮ መሣሪያ ለኮምፒዩተር እንዲስማማ አድርጎ፣ በአንድ ካሴት ላይ 2.3 ጊጋባይት የሚይዝ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ዳት የተባለው የድምፅ ካሴትም እ.ኤ.አ. በ1989 ዲዲኤስ በሚል ስም የኮምፒዩተር መዝገብ መያዣ ሆነ። እነዚህ ግን ለባንክና ለትልልቅ መሥሪያ ቤቶች የተሠሩ፣ ዋጋቸውም ለትንሽ ነጋዴ የማይቀመስ ነበሩ።

የዲቪ ካሜራ በየቤቱ በገባ ጊዜ ታዲያ አንድ አዲስ አሳብ ተነሣ። ካሜራው ፋየርዋይር በሚባል ገመድ ከኮምፒዩተር ጋር ይገናኛል፤ በገመዱም ቁጥሩ ሳይለወጥ ወደ ኮምፒዩተር ይሄዳል፣ ከኮምፒዩተርም ወደ ካሴቱ ይመለሳል። እንግዲህ በሥዕሉ ቁጥር ፈንታ የመዝገቡን ቁጥር ብንልክለትስ? አሉ። ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት ላይ የሚሠራና ዲቪባክአፕ የሚባል ፕሮግራም ተጽፎ በነጻ ታደለ። ፕሮግራሙ መረጃውን ፊልም አስመስሎ ያሰናዳዋል፤ ካሜራውም ፊልም የተቀበለ መስሎት ይጽፈዋል። ካሴቱን በቴሌቪዥን ቢያጫውቱት ትርጕም የሌለው የቀለም ትርምስ ይታያል፤ ወደ ኮምፒዩተር ቢመልሱት ግን መዝገቡ ይወጣል።

3. ካሴቱ ምን ያህል ይይዛል

ነጋዴ ሚዛን ሳያይ ዕቃ አይገዛምና መጠኑን እናስላ። መለኪያው ባይት ይባላል። በተለመደው የኮምፒዩተር አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲፈጅ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይፈጃል።

በአገራችን በሚሠራበት የፓል ሥርዓት ካሜራው በሰኮንድ 25 ሥዕል ያነሣል። እያንዳንዱ ሥዕል በ12 ክፍል ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል 150 ጥቅል አለው፤ የአንዱ ጥቅል መጠንም 80 ባይት ነው። ስለዚህ 12 ሲባዛ በ150፣ ሲባዛ በ80፣ ለአንድ ሥዕል 144,000 ባይት ይሆናል። ይህ በ25 ሲባዛ በሰኮንድ 3,600,000 ባይት፣ በአንድ ሰዓት ደግሞ 12.96 ጊጋባይት ማለት ነው።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ለጭነት አይውልም። የጭነት መኪና ክብደት ተመዝኖ የመኪናው ራሱ ክብደት እንደሚቀነስ፣ ከ150ው ጥቅል ለሥዕል የተመደቡት 135 ብቻ ናቸው፤ ከ80ውም ባይት 3ቱ ለመለያ ምልክት ይውላሉ። ስለዚህ የተጣራው ጭነት 12 ሲባዛ በ135፣ ሲባዛ በ77፣ ማለትም በአንድ ሥዕል 124,740 ባይት ነው። በአንድ ሰዓት ካሴት ላይ ወደ 11.2 ጊጋባይት ይሆናል። አንድ ሲዲ 700 ሜጋባይት ስለሚይዝ፣ አንዱ ትንሽ ካሴት የ16 ሲዲ ጭነት ይሸከም ነበር። በፒችትሪ የተያዘ የአንድ ሱቅ ሒሳብ 50 ሜጋባይት ቢሆን በ16 ሰኮንድ ያህል ክሩ ላይ ያልቃል። የኮምፒዩተር ሃርድ ዲስክ 20 ወይም 40 ጊጋባይት በነበረበት ዘመን ይህ ትልቅ ሀብት ነበር።

4. ጉድለትን የሚሸፍን ካሜራ

እስካሁን የተነገረውን ያነበበ ሰው፣ ይህን የመሰለ ርካሽ ዘዴ ስለ ምን ተተወ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ በካሜራው ጠባይ ላይ ነው።

በካሜራው ውስጥ ያለው ትንሽ ከበሮ በደቂቃ 9,000 ጊዜ እየዞረ፣ በላዩ የተተከሉት የማንበቢያና የመጻፊያ ሄዶች በክሩ ላይ ሰያፍ መሥመር ያሰምራሉ። የአንዱ መሥመር ወርድ የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ ነው። አንዲት ጠጉር በክሩ ላይ ብትወድቅ አያሌ መሥመሮች በአንድ ጊዜ ትሸፍናለች። አቧራ፣ የኩሽና ጢስና የክረምት እርጥበት እንዲህ ባለ ጥቃቅን ጽሕፈት ላይ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርሱ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ካሜራው ይህን ስለሚያውቅ፣ ሊያነበው ያልቻለው የሥዕል ቍራጭ ሲያጋጥመው ከቀደመው ሥዕል ተመሳሳዩን ቍራጭ ወስዶ በቦታው ይለጥፋል። በፊልም ላይ ይህ ብልኅነት ነው። ሠርገኛው ሲጨፍር የአንድ ሰኮንድ ሃያ አምስተኛ እጅ የቀድሞው ሥዕል ቢታይ ማንም አያስተውለውም። በሒሳብ መዝገብ ላይ ግን ይህ ቸርነት አደጋ ነው። የማክሰኞ ሽያጭ ሊነበብ ባለመቻሉ የሰኞውን በቦታው ጽፎ ዝም የሚል ጸሐፊ ቢኖራችሁ ምን ታደርጉት ነበር? ጉድለቱን ተናግሮ ባዶ ቦታ ቢተው ይሻል ነበር፤ ባዶ ቦታ ይጠየቃልና። የተሞላ ስሕተት ግን ትክክል መስሎ ይኖራል።

ስለዚህ የፕሮግራሙ ሠሪዎች በመረጃው ላይ የማረሚያ ቁጥር መጨመር ግድ ሆነባቸው። የዚህ ጥበብ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1960 ሪድና ሶሎሞን የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት የደረሱበት የሒሳብ ዘዴ ነው። ዝርዝሩ ረቂቅ ቢሆንም ዋናው አሳብ ለነጋዴ እንግዳ አይደለም። የአምስት ቀን ሽያጭ ተጽፎ በመጨረሻው ድምሩ ተቀመጠ እንበል፤ 1,250፣ 980፣ 1,410፣ አራተኛው ቀለም ፈስሶበት የማይነበብ፣ 1,100፣ ድምር 5,960 ብር። የሚነበቡት አራቱ ሲደመሩ 4,740 ይሆናሉ። ከ5,960 ሲቀነስ 1,220 ይቀራል፤ የጠፋው ቁጥር ተገኘ። ድምሩን በመጻፍ ጥቂት ቦታ አባከንን፤ በዚያው ግን የጠፋውን አንድ ቁጥር አዳንን። ሁለት ቁጥር ቢጠፋ ግን አንድ ድምር አይበቃም፤ ተጨማሪ ማረሚያ ያስፈልጋል። በካሴቱም ላይ እንዲሁ ነው፤ ጥንቃቄው በበዛ መጠን የሚይዘው ጭነት ከ11.2 ጊጋባይት እየቀነሰ ይሄዳል።

5. በቀረጥ ምክንያት የተዘጋ በር

በዚህ ነገር ውስጥ ለንግድ ሰው የሚጥም አንድ ታሪክ አለ። በአውሮፓ የጉምሩክ ደንብ መሠረት ከውጭ የሚገባውን ምስል የሚቀዳ የቪዲዮ መቅጃ የሚከፍለው ቀረጥ፣ በራሱ መነጽር ብቻ ሥዕል ከሚያነሣ ካሜራ ይበልጥ ነበር። ካሜራው በገመድ ከሌላ መሣሪያ የመጣውን የሚቀበል ከሆነ እንደ መቅጃ ይቈጠርና ከፍተኛው ቀረጥ ይጫንበታል። ስለዚህ ፋብሪካዎቹ ለአውሮፓ ገበያ በሚልኳቸው ብዙ ካሜራዎች ላይ የመቀበያውን በር ዘጉት። ካሜራው ወደ ኮምፒዩተር ይሰጣል፤ ከኮምፒዩተር ግን አይቀበልም። መሰኪያው አንድ፣ መልኩም አንድ ስለ ሆነ፣ ገዢው ይህን የሚያውቀው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ነበር።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት፣ ለአንድ ሥራ የተሠራን ዕቃ ለሌላ ሥራ ስናውል በዕቃው ላይ ሥልጣን ያለው ሌላ መሆኑን ነው። ፋብሪካው ለፊልም አንሺው አሰበ፤ የጉምሩክ ሹሙ ለግምጃ ቤቱ አሰበ፤ መዝገቡን በዚያ ላይ ያስቀመጠውን ነጋዴ ያሰበለት አልነበረም።

6. አሥር ዓመት የሚጠብቅ መዝገብ፣ አሥር ዓመት የማይጠብቅ መኪና

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የንግድ ሕግ የሒሳብ መዛግብት ለ10 ዓመት ተጠብቀው እንዲቀመጡ ያዝዝ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የታክስ አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 983ም ግብር ከፋዩ ሰነዶቹን ቢያንስ ለ5 ዓመት እንዲይዝ ያስገድዳል። እንግዲህ መዝገብ የሚያዝበት ዘዴ ሲመረጥ የሚቀርበው ጥያቄ፣ ዛሬ ይሠራልን? የሚል ብቻ ሊሆን አይገባም። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚያነበው ይገኛልን? ብሎ መጠየቅ ያሻል።

በ1996 ዓ.ም. መዝገቡን በዲቪ ካሴት ላይ የገለበጠ ሰው ቢኖር፣ አሥሩ ዓመት በ2006 ዓ.ም. ይሞላለታል። በዚያን ጊዜ ገበያው ወደ ማኅደረ ትውስታ ካርድ ዞሯል፤ አዳዲስ ኮምፒዩተሮችም የፋየርዋይር መሰኪያ ሳይኖራቸው መምጣት ጀምረዋል። ክሩ ምናልባት ደኅና ነው፤ የሚያነበው ሄድ ግን አልቋል፣ ገመዱ ጠፍቷል፣ ፕሮግራሙም በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ አይከፈትም። ቁልፉ የጠፋ የብረት ሣጥን ገንዘቡን ከሌባ ያድናል፤ ከባለቤቱም ይሰውረዋል።

ክር በራሱ የተናቀ መሣሪያ አይደለም። ኤልቲኦ የሚባለው የኮምፒዩተር ክር እ.ኤ.አ. በ2000 በ100 ጊጋባይት ተጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዘጠነኛው ትውልድ 18,000 ጊጋባይት የሚይዝ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 የጉግል ኩባንያ ጂሜል በተባለው የመልእክት አገልግሎቱ ላይ በፕሮግራም ስሕተት ምክንያት የአንዳንድ ደንበኞቹ ደብዳቤዎች በጠፉ ጊዜ፣ መልሶ ያገኛቸው ከኮምፒዩተሮቹ ተለይቶ ከተቀመጠ ክር ነው። በተለያዩ ቦታዎች የነበሩት ሌሎቹ ግልባጮች ስሕተቱ አብሮ ደርሶባቸው ነበር። ተለይቶ የተቀመጠውን ግን ስሕተቱ ሊደርስበት አልቻለም።

7. ያልተነበበ ግልባጭ

ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ግልባጭ ግልባጭነቱ የሚረጋገጠው ተመልሶ በተነበበ ጊዜ ነው።

ፒክሳር የተባለው የአሜሪካ የሥዕል ፊልም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 ቶይ ስቶሪ 2 የተሰኘውን ፊልም በሚያዘጋጅበት ጊዜ፣ አንድ ሠራተኛ በስሕተት በሰጠው ትእዛዝ የፊልሙ አብዛኛው ክፍል ከኮምፒዩተር ተሰረዘ። ድርጅቱ በየጊዜው ግልባጭ ያስወስድ ስለ ነበር በመጀመሪያ የደነገጠ አልነበረም። ግልባጩ ሲከፈት ግን ለሳምንታት በትክክል ሳይሠራ እንደ ቆየ ታወቀ። የብዙ ሰዎች ድካም የዳነው፣ አንዲት ወይዘሮ ልጅ ወልዳ ሥራዋን በቤቷ ታከናውን ስለ ነበር፣ ለዚሁ ብላ በቤቷ ኮምፒዩተር ላይ ያኖረችው ሌላ ግልባጭ በመገኘቱ ነው። ብዙ ገንዘብ ያለው ድርጅት ያጣውን በአንድ ቤት ጥግ የተቀመጠ ኮምፒዩተር መለሰው።

የቪዲዮ ካሴቱ ዘዴ በዚህ ረገድ ልዩ ፈተና ነበረበት። በጽሕፈቱ ጊዜ ካሜራው ጸጥ ብሎ ይዞራል፤ የጊዜ መቍጠሪያው ይሄዳል፤ ሥራው የተከናወነ ይመስላል። ሄዱ ቆሽሾ ከሆነ ግን በክሩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ይህ የሚታወቀው ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መልሰው ሲያነቡት ብቻ ነው። ንባቡም እንደ ጽሕፈቱ ሁሉ አንድ ሙሉ ሰዓት ይወስዳል። የደከመው ሰው፣ ነገ አነበዋለሁ ብሎ ይተወዋል፤ ነገም ሌላ ሥራ ይመጣል። እንዲህ እያለ የሚከማቸው የካሴት ክምር ለዓይን ሀብት ይመስላል እንጂ ባለቤቱ ምን እንዳለው አያውቅም።

8. ዛሬ ምን እናድርግ

ሀ. ካሴት ያላችሁ። የፎቶና የቪዲዮ ቤት ባለቤቶች፣ እንዲሁም በቤታችሁ የሠርግና የለቅሶ ካሴት ያላችሁ ሁሉ፣ መኪናው ሳይጠፋ ወደ ሃርድ ዲስክ አስገልብጡ። ሥራው ሲሠራ የሚከተለውን ማስታወስ ይጠቅማል።

የካሴቱን የመቅጃ መከልከያ በቅድሚያ ወደ መጠበቂያው በኩል ግፉት፤ በስሕተት ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት። ገመዱ ፋየርዋይር ይሁን፤ በአብዛኞቹ ካሜራዎች ላይ ያለው ዩኤስቢ የተሠራው ለፎቶግራፍ ወይም ደካማ ምስል ለማስተላለፍ ነው። ካሜራው ከቀዝቃዛ ቦታ ወደ ሞቃት ክፍል ከገባ ጤዛ ስለሚይዘው ጥቂት ሰዓት ሳይከፈት ይቈይ። በቀስታው ዘዴ የተቀዳ ካሴት፣ ማለትም የ60 ደቂቃው ክር 90 ደቂቃ እንዲይዝ የተደረገው፣ መሥመሩ ይበልጥ ቀጭን ስለ ሆነ ከተቻለ በተቀዳበት በዚያው ካሜራ ይነበብ።

ድካሙንም አስቀድሞ ማስላት ይገባል። 100 የአንድ ሰዓት ካሴት ያለው ፎቶ ቤት 100 ሰዓት ንባብ ያስፈልገዋል፤ በቀን 4 ሰዓት ቢሠራ በ25 ቀን ይፈጽማል። መጠኑ ወደ 1,300 ጊጋባይት ስለሚሆን በአንድ የ2,000 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ላይ ይገባል። ለደንበኛው የሚጠየቀው ዋጋ ተገቢ እስከ ሆነ ድረስ ይህ ራሱ የቻለ ንግድ ነው። በውጭ አገር ያለው ልጅ የአባቱን ድምፅ ለማግኘት የሚከፍለውን አይነፍግም። ዛሬ ግን ሊገዛው የሚችለው፣ ነገ በምንም ገንዘብ ላይገኝ ይችላል።

ለ. መዝገብ በኮምፒዩተር የምትይዙ ነጋዴዎች። በሙያው የታወቀው ደንብ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ይባላል። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ በሁለት ዓይነት መያዣ ላይ ይቀመጥ፤ አንዱ በሌላ ቦታ ይደር። በዱራሜ ላለ ሱቅ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ በግልጽ እንናገር።

አንደኛው በሱቁ ኮምፒዩተር ላይ ያለው መዝገብ ራሱ ነው። ሁለተኛው በሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ተገልብጦ፣ ሱቁ ሲዘጋ ወደ ቤት የሚሄደው ነው። ይህ ዲስክ ከኮምፒዩተሩ ጋር ተሰክቶ መዋል የለበትም። መብራት ሄዶ በኀይል ሲመለስ የሚያቃጥለው፣ ፋይል ቈልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ክፉ ፕሮግራምም የሚያጠፋው፣ በዚያን ሰዓት የተሰካውን ሁሉ ነው። ሦስተኛው በሆሳዕና ወይም በአዲስ አበባ ባለ የታመነ ዘመድ ዘንድ፣ አለዚያም በኢንተርኔት በኩል በሌላ አገር ኮምፒዩተር ላይ የሚቀመጠው ነው። በቴሌግራም ለራሱ የሚልክ ነጋዴ መልካም አድርጓል፤ ነገር ግን የደንበኞች ስምና ስልክ ያለበትን ዝርዝር በምስጢር ቁልፍ ሳይቈልፍ አይላክ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321 የሌላውን ሰው መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠነቀቅ ያስገድዳልና።

በየወሩ መጨረሻም አንድ ቀን ተመርጦ፣ ግልባጩ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ይከፈት። የወሩ ሽያጭ ድምር፣ የባንኩ ሒሳብና የሦስት ባለዕዳዎች ቀሪ ዱቤ ከዋናው ጋር ይመሳከር። ከተስማማ በአንድ ደብተር ላይ ቀኑ ተጽፎ ይፈረምበት። ካልተስማማ ደግሞ ጉድለቱ በጊዜው ተገኘ፤ ዋናው መዝገብ ገና በእጅ አለና ይታረማል። ይህ ሥራ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። በየሦስት ወይም በየአራት ዓመቱም ግልባጩ በዘመኑ ወዳለው መያዣ ይዛወር፤ መያዣው ሳይበላሽ መኪናው ሊጠፋ እንደሚችል ከካሴቱ ተምረናልና። ዋና ዋናዎቹን፣ ማለትም የዓመቱን መዝጊያ ሒሳብና የዱቤውን ዝርዝር፣ በወረቀት አትሞ ማስቀመጥም አይናቅ። ወረቀት ለመነበብ ዓይንና ብርሃን ብቻ ይበቃዋል።

በቪዲዮ ካሴት ላይ መዝገብ የገለበጡት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። በእጃቸው ባለው ዕቃ የሚቻለውን ሁሉ አድርገዋል፤ ከእነርሱም መካከል የማረሚያ ቁጥር የጨመሩትና ካሴቱን መልሰው ያነበቡት መዝገባቸውን አግኝተዋል። የጠፋባቸው ካሜራውን ያመኑት ናቸው። እኛም ዛሬ የምናምነው ዕቃ ፍላሽ ይሁን ሃርድ ዲስክ ወይም ኢንተርኔት፣ እንደ ካሜራው ጉድለቱን ሸፍኖ ደኅና ነኝ ሊለን ይችላል። የሚጠይቀው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ይህን ትምህርት ያነበበ ነጋዴ በዚህ ሳምንት ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት አንድ ጊዜ ግልባጩን ከፍቶ ይመልከት።

ለክለሳ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ካሜራው ሊያነበው ያልቻለውን የሥዕል ቍራጭ እንዴት ይሞላል? ይህ በፊልም ላይ ጠቅሞ በሒሳብ መዝገብ ላይ የሚጎዳው ስለ ምን ነው?

2. የስድስት ቀን ሽያጭ ድምር 7,300 ብር ነው። አምስቱ 1,150፣ 1,300፣ 990፣ 1,420 እና 1,240 ከሆኑ፣ የጠፋው የስድስተኛው ቀን ሽያጭ ስንት ነው? ሁለት ቀን ቢጠፋስ ማግኘት ይቻል ነበርን?

3. የሱቃችሁ መዝገብ ስንት ቅጂ አለው? ከእነዚህስ መካከል ዛሬ ሌሊት ሱቁ ቢቃጠል የሚተርፈው የትኛው ነው? ለመጨረሻ ጊዜ ተከፍቶ የተነበበውስ መቼ ነው?